ዱዓ የተደረገበት ረቂቅ

ሼህ ጀይሉ አጎቴ ናቸው፤ የአባቴ ታላቅ ወንድም። እወዳቸዋለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ ጨካኝ እንዳትሉኝ ነው። ብትሉኝም ግድ የለኝም።

ከሚሴ ባለችው ትንሽ ቤተ መጻሕፍት የምሠራው እኔ ነኝ። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት አጎቴ ከጨፋ ይመጡና “አካም ቡልቴ፣ ዘሊካ” ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ ይሉኝና መስኮቱ ሥር ያለው ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣሉ። አያቴ በእጃቸው የጻፉትን ኪታብ ምስጥ ሲጀምረው ገጽ በገጽ ስካን አድርጌ እዚያ አስገብቼላቸው ነበር። ዋናውን ምስጡ ጨርሶታል። የአጎቴ ዓይን ደክሟል፤ ፊደሉን የአውራ ጣት ያህል ሳሳድግላቸው ግን የአባታቸውን ጽሑፍ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ። አንዳንዴ ያለቅሳሉ። እኔም ሥራዬን ትቼ አዳምጣለሁ።

ታዲያ ዘንድሮ በአገሪቱ የዲጂታል መረጃ ፖሊሲ ረቂቅ ላይ ሕዝብ ይወያይ ተባለ። ረቂቁን ቀድሜ አገኘሁትና አነበብኩት። መሐሉ ላይ አንዲት አንቀጽ አለች፤ የትናንሽ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተሮች ወደ ማዕከል ይሰብሰቡ፣ ሕዝቡ መረጃ በስልኩ ያግኝ ትላለች። ስልክ ይላሉ እንግዲህ። የአጎቴ ስልክ ባትሪዋ እንዳይወድቅ በላስቲክ የታሰረች ናት። “ኪታቡ ያለበትን ማሽን ሊወስዱብን ነው፤ ስብሰባው ላይ ከጎኔ ይሁኑ” አልኳቸው።

“አላህ አይበለው፤ እኔ እያለሁ?” አሉ።

የስብሰባው ቀን ረቂቁን ይዞ አዳራሹ የመጣው አቶ ይበልጣል የሚባል ሰው ነው። አጎቴን ፊት ወንበር ላይ አስቀመጣቸው፤ የታሸገ ውሃ በገዛ እጁ ከፍቶ ሰጣቸው። ረቂቁን በጥድፊያ አነበነበና ውይይቱን ሳይከፍት ማይኩን ለእሳቸው አቀበለ። “አባታችን፣ ለዚህ ሥራ ዱዓ ያድርጉልን” አለ። እኛ ዘንድ አንድ ነገር ቀርቦ ሽማግሌ ዱዓ ካደረገበት አለቀ፣ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ክርክር የሚያነሳ ሰው ዱዓውን እንዳፈረሰ ይቆጠራል። ይበልጣል ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነው የምትሉ ከሆነ እናንተም እንደ አጎቴ የዋህ ናችሁ።

ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ራሴን በእምቢታ ነቀነቅኩ። እሳቸው ግን ማይኩን ጨብጠዋል፤ ጢማቸው ሳይቀር ደስ ብሎታል። ዝናቡን፣ ማሽላውን፣ የቦርከናን ውሃ፣ በመጨረሻም እንግዳውን መረቁ። አዳራሹ አሚን አለ። እኔ ተነስቼ “አንዲት አንቀጽ ላይ ቅሬታ አለኝ” ስል አጎቴ ዞር አሉ።

“ተቀመጪ ልጄ። ዱዓ ተደርጓል” አሉኝ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ሰው ሳቀብኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ “በሙሉ ድምፅ ተደግፏል” ተብሎ ተጻፈ። ባቲ ከተማ ያሉት የቤተ መጻሕፍት ሰዎች ግን ተከራክረው ማሽኖቻቸው እንደቆዩላቸው ስሰማ አንጀቴ አረረ።

ክረምቱ ሳይወጣ ማሽኖቹን የሚወስዱት ሰዎች መኪና ይዘው መጡ። ከመጫናቸው በፊት ኮምፒውተሮቹ ውስጥ ያለውን ሁሉ አጠፉት።

ሐሙስ አጎቴ መጡ። ባዶውን ጠረጴዛ በእጃቸው ዳሰሱት። “ኪታቡስ?” አሉኝ።

“ዱዓ ተደርጓል፣ አባ” አልኳቸው።

መነጽራቸውን ጠርገው መልሰው አደረጉና ከባዶው ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠው በቃላቸው ማንበብ ጀመሩ። ጥቂት እንደሄዱ ጠፋባቸው። ከመጀመሪያው ተነሱ፤ እዚያው ቦታ ሲደርሱ አሁንም ጠፋባቸው።

“ከዚህ ቀጥሎ ምን ነበር፣ ዘሊካ? አንቺ ስትሰሚ ነበር እኮ” አሉኝ፤ እንባቸው ጢማቸው ላይ ወርዷል።

ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ነበር። ማሽኖቹ ሊወሰዱ ሰሞን ኪታቡን በሙሉ የገለበጥኩባት ፍላሽ ውስጡ አለች። ማተሚያ ቤት ወስጄ በትልልቁ ላሳትምላቸው እችላለሁ።

“አላስታውስም” አልኳቸው፣ ቦርሳዬን እየዘጋሁ።