ላብ ያወረደው ኩል

ጠዋት ጠዋት ጸጉር ቤቱን ከመክፈቴ በፊት መስታወት ፊት እቆምና የሳሳውን መሃል አናቴን በዓይን ኩል አጠቁረዋለሁ። ሥራ ሲቀዘቅዝ እርስ በርስ መሠራራት የእኛ ሙያ ልማድ ነው። ባልደረባዬ «ነይ ልሥራሽ» ስትለኝ ግን ሁልጊዜ «ራሴን አሞኛል» እላታለሁ። ራስ ምታታም ተብዬ ቀረሁ። ይበሉኝ፤ መላጣ ከመባል ይሻላል።

ቅዳሜ ዕለት የአንዲት ሙሽራ ጸጉር በፎን ሳደርቅ ሙቀቱ በረታብኝ። ጎንበስ ስል ኩሉ ከላቤ ጋር ወርዶ ትከሻዋ ላይ ባለው ነጭ ፎጣ ላይ ጠብ አለ። ሙሽራዋ ጮኸች። አጠገቧ የተቀመጠችው አክስቷ ፎጣውን አየች፤ ከዚያ አናቴን አየች።

«የኔ እህት፣ ይደክምሻል? የወር አበባሽስ ይበዛል?» አለችኝ፤ ያውም ያ ሁሉ ደንበኛ እየሰማ! «እኔንም እንዲህ አድርጎኝ ደም ማነስ ነው አሉኝ። ተመርመሪ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሰኞ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ ሻሼን አስወልቃ አየችኝ፤ የደም ምርመራው ውጤትም ደረሰ።

«ደምሽ በጣም አንሷል። ጸጉርሽን ያሳሳውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም፤ በመድኃኒት ይስተካከላል። ለመሆኑ መቼ ጀመረሽ?»

«ሴት ልጄን ከወለድኩ ወዲህ።»

«ልጅሽ አሁን ምን ታክላለች?»

«ትምህርት ቤት ገብታለች።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይህን ሁሉ ጊዜ ለአንድ ሰው እንኳ አላሳየሽም?»

«ለማን ላሳይ፣ ዶክተር? የሰፈሩ ጸጉር ሠሪ እኔ ነኝ።»