ሦስቱ መለኪያዎች

የጤና ጣቢያውን ሲስተር ሰፈሩ ሁሉ «ሦስት በር» ይላታል። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ትምህርት ስለምትደጋግም ነው። በሽታን መጀመሪያ ከውጭ በር መልሱት፤ ሾልኮ ከገባ ሳሎን ሳይደርስ ያዙት፤ ጓዳ ገብቶ ከተደላደለም ቤቱን እንዳያፈርስባችሁ ጠብቁት። ይህን ስትል እጇም አያርፍ፣ አፏም አያርፍ።

የደም ግፊት ምርመራ ዘመቻ የተጀመረ ዕለት ጤና ጣቢያው ግቢ በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ ቀድሞ ክንዱን የሚሰጥ ጠፋ። «እኔው ልጀምርላችሁ» ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች። ባልደረባዋ ለካት። መቶ ሰባ በመቶ አምስት።

«መለኪያው ተበላሽቷል» አለ ባልደረባዋ ዓይኑን ሳያሽ። ሰልፈኛውም በአንድ ድምፅ ተስማማ። ሦስት በርን ደግሞ ምን ግፊት ይደፍራታል? ሌላ መለኪያ መጣ፣ ያንኑ አለ። ሦስተኛውም አላፈረም። ሦስቱም ወደ ጥገና ክፍል ተላኩ፣ ዘመቻው ለማግስቱ ተላለፈ፣ ሰዉ እየተሳሳቀ ተበተነ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ቁጥሩ ግን ከልቧ አልወጣም። እናቷን ከአራት ዓመት በፊት የጣላቸው ይኸው ግፊት ነው፤ ቀኝ እጃቸው እስከ ዛሬ አልታዘዝ እንዳለ ነው። ከዚያ ወዲህ የሰው እንጂ የራሷን ክንድ ለክታ አታውቅም።

በማግስቱ ጠጋኙ ሦስቱንም አቅፎ መጣ።

«በዘበኛውም፣ በጽዳት ሠራተኛዋም፣ በራሴም ላይ ሞከርኳቸው። ሦስቱም ጤነኞች ናቸው። የተበላሸው ክንዱ ነው፤ ክንድ ደግሞ እኔ አልጠግንም።»

መጀመሪያ የሳቀችው ራሷ ሲስተሯ ናት።

«የሰው በር ስጠብቅ በራሴ በር ገብቶ ቁጭ ብሎላችኋል» አለች፤ ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ሐኪሟ መረመረቻትና «ልብሽም ኩላሊትሽም ደህና ነው፣ በጊዜ ደርሰንበታል» አለቻት። መድኃኒት አዘዘችላት፤ ቤትም በየቀኑ እንድትለካ አንዱን መለኪያ አስያዘቻት። ሲስተሯን ደስታው አቅሏን አሳታት፤ ዘበኛውን ሁለት ጊዜ ሳመችው።

ቤት ገብታ የመለኪያውን ጨርቅ ግራ ክንዷ ላይ ጠመጠመች፣ ማዳመጫውን በቀኝ እጇ ያዘች፤ አየር የሚነፋውን የጎማ ፊኛ የሚጨብጥ እጅ አነሳት። እናቷ አጠገቧ ተቀምጠዋል። ሐኪም ለእጃቸው ማፍታቻ የሰጣቸውን የጎማ ኳስ «እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ?» ብለው ከጣሉት አራት ዓመታቸው ነው።

«አምጪው» አሉና ፊኛውን በዚያች በማትታዘዘው ቀኝ እጃቸው ያዙት። ጨበጡ፣ ምንም የለም። ከንፈራቸውን ነክሰው ደገሙት፣ ፊኛው እስ አለ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው? የመለኪያው ቀስት እየዘለለች ወጣች።

«ስንት ሆነ?» አሉ እያለከለኩ።

«አላየሁም፣ እማዬ። እጅሽን እያየሁ ነበር።»

«እንግዲያው ትንሽ ልረፍና እንደገና እነፋለሁ» አሉ፤ ፊኛውን ግን አለቀቁትም።