ከማይታወቅ ቁጥር

ጋሼ ፊሽካ ዕድሜውን ሙሉ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሞ መኪና ሲያስቆምና ሲያሳልፍ የኖረ ጡረተኛ የትራፊክ ፖሊስ ነው። ስሙን ያወጡለት የወንድሞቹ ልጆች ናቸው፤ ከኋላው እንጂ ፊት ለፊት ደፍሮ የሚጠራው የለም። ጡረታ በወጣ ሰሞን ሥራ መፍታት አልሆንለት አለ። ሳሎን ተቀምጦ በመስኮት ወደ መንገዱ እያየ፣ ምልክት ሳያሳይ የሚታጠፈውን ሾፌር ሁሉ ብቻውን ሲገስጽ ይውላል። ሾፌሮቹ አይሰሙትም። ሚስቱ ግን ትሰማዋለች፤ ችግሩም ይኸው ነበር።

መላውን ያመጣችው እሷ ናት። "አንተ ሰው፣ የቤተሰቡን ግሩፕ ለምን አትይዝልንም?" አለችው አንድ ቀን። ዘመድ አዝማዱ ስልክ ላይ የሚገናኝበትን ግሩፕ ማለቷ ነው። እህት ወንድም፣ የአክስት ልጅ፣ የአጎት ልጅ፣ የሚስት ወንድም፣ የማን ዘመድ እንደሆነ ማንም የማያውቀው አንድ ሰውዬ ሳይቀር እዚያ ነበሩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ግሩፑ ባለቤት የሌለው ሜዳ ነበር፤ ያሻው ሰው ያሻውን ይጥልበታል። ምስኪን ሴት! ባሏን ከመስኮቱ ላይ አንስታ በሰው ሁሉ ኪስ ውስጥ እንደምትከተው መች አወቀች።

ጋሼ ፊሽካ አድሚን በሆነ ማግስት ደንብ ወጣ። ደንቡ መግቢያ፣ ትርጓሜ፣ የተከለከሉ ተግባራትና የቅጣት እርከን ነበረው። አበባ ያለበት "እንዴት አደራችሁ" በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ተፈቀደ። "ይህን ለሃያ ሰው ካላስተላለፍክ መዓት ይወርድብሃል" የሚል መልእክት የላከ ሰው፣ መዓቱ ከአድሚኑ ዘንድ እንደሚወርድበት ተገለጸለት። የድምፅ መልእክት ከአንድ ትንፋሽ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ይቺ አንቀጽ ስም አልተጠቀሰባትም እንጂ የወጣችው ለታናሽ እህቱ ነው፤ እሷ "አንድ አጭር ነገር ልንገራችሁ" ብላ ከጀመረች ሰው ልብሱን አጥቦ አስጥቶ ይመለሳል። በመርዶ ሥር የሚስቅ ፊት መለጠፍም ተከለከለ፤ ትልቋ አክስት መነጽሯን ሳታደርግ፣ የሚያለቅሰውን የነካች መስሏት፣ በሳቅ የሚንከባለለውን ለሐዘንተኛ ልካ ነበርና። ያጠፋ ሰው መጀመሪያ ቢጫ ክብ ይለጠፍበታል፣ ቀጥሎ ቀይ። ቀይ የወጣበት ለአንድ ሳምንት ያነባል እንጂ አይጽፍም።

ሁሉም በሆዱ እያማ በጣቱ "በጣም ጥሩ ነው ጋሼ" ብሎ ጻፈ። ሴት ልጁ ብቻ "አባዬ፣ እቤት ስመጣም መንጃ ፈቃድ ትጠይቀኛለህ?" ብላ ቀለደች። ቢጫ ተሰጣት።

ይቺ ልጅ አንድዬ ልጁ ናት። የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ወሯ ገብቷል። ባሏ መንገድ ሥራ ላይ፣ ኔትወርክ የሚባል ነገር በማይደርስበት በረሃ ነው ያለው፤ እሱን መጠበቅ ዘበት ነው። "ሲጀምረኝ የምትመጣው አንተ ነህ አባዬ። በማንም መኪና አልሄድም" ብላ አስምላዋለች። ጋሼ ፊሽካም አሮጌ መኪናውን ወልውሎ፣ ጎማዋን አስነፍቶ፣ የኋላ ወንበሯ ላይ ንጹሕ አንሶላ አንጥፎ፣ ስልኩን ከእጁ ሳይለይ ይጠብቅ ነበር። ይወዳታል። አያውቅበትም እንጂ ይወዳታል። "ና አባዬ" የምትልበትን ሰዓት ባሰበ ቁጥር ወጥቶ መኪናዋን አስነስቶ ያያል።

ነገሩን ያበላሸው የፀጉር ማብቀያ ቅባት ነው። ታናሽ እህቱ "ሽልማት ደርሶሻል" የሚል ሊንክ ነካችና አካውንቷን ሌባ ወሰደው። ሌባው በእሷ ስምና ፎቶ ለዘመዱ ሁሉ ፀጉር የሚያበቅል ቅባት ሲያስተዋውቅ ሰነበተ። ራሰ በራው የሚስቱ ወንድም "እኔን ለይታ ነው የላከችልኝ" ብሎ አኮረፈ፤ እስከ ዛሬም በቅጡ አልታረቁም።

ጋሼ ፊሽካ ደረቱን ነፋ። አሁን ደግሞ የደህንነት ደንብ ወጣ። ከማይታወቅ ቁጥር የተደወለ ስልክ አይነሳም። ከማይታወቅ ቁጥር "እኔ እከሌ ነኝ" የሚል መልእክት ከመጣ፣ ከቤተሰብ በቀር ማንም የማያውቃቸው ሦስት ጥያቄዎች ይጠየቃሉ፤ አንዱን የሳተ ሌባ ነው፣ ቁጥሩ ይዘጋበታል። ጥያቄዎቹን ያወጣው ራሱ ነው፤ ትክክለኛ መልሶቹንም ራሱ። የሚስቱን ስልክ ተቀብሎ የማታውቀው ቁጥር ሁሉ እንዳይገባባት አድርጎ ዘጋጋላት። "አንቺ የዋህ ነሽ" አላት። እሷም ስልኳን ተቀብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ጋሼ ፊሽካ ሶፋው ላይ ጋደም ብሏል፣ ሚስቱ ጠረጴዛው ጋ ሽንኩርት ትልጣለች። ስልኩ ጠራ። የማይታወቅ ቁጥር ነው። "ይጥራ!" አለና ደረቱ ላይ አስቀመጠው። ደግሞ ጠራ። ደግሞ ጠራ። ከዚያ መልእክት ገባ።

"አባዬ እኔ ነኝ። ስልኬ ባልዲ ውስጥ ገብቶብኝ በጎረቤቴ ስልክ ነው። ጀምሮኛል። የእማዬም አልገባ አለኝ። ቶሎ ና።"

ልቡ ዘለለ። እውነቱን ለመናገር ከሶፋው ግማሽ ድረስ ተነስቶም ነበር። ግን "ሌባ የሚገባው ልብ በሚደነግጥበት በኩል ነው" ብሎ በገዛ እጁ የጻፈው ትዝ አለውና ተመልሶ ተቀመጠ። መልእክቱን ፎቶ አንስቶ ግሩፑ ላይ ለጠፈው። ከሥሩም "ውድ አባላት፣ ሌባ እጅ ከፍንጅ ተይዟል። ደንቡ እንዴት እንደሚሠራ በቀጥታ ተከታተሉ" ብሎ ጻፈ።

አንቀላፍቶ የነበረው ግሩፕ ነፍስ ዘራ። "አትልቀቃት ጋሼ!" አለች በአዲስ አካውንት የተመለሰችው ታናሽ እህቱ። "አድሚን ማለት እንዲህ ነው" አለ ራሰ በራው። ፋርማሲ ያለው ታናሽ ወንድሙ ብቻ ነገሩ አልጣመውም። "ለምን በልጅቷ ስልክ አትደውልም?" ብሎ ጻፈ።

ጋሼ ፊሽካ ደወለ። ዝግ ነው። "ዝግ ነው፤ ተኝታለች" ብሎ መለሰ።

"ባልዲ ውስጥ ገባ ትላለች እኮ ጋሼ።"

"ሌባው ስልኳ ዝግ መሆኑን አጣርቶ ነው የመጣው። የረቀቀ ሌባ ነው።" ለፋርማሲስቱም፣ ሥራ በማደናቀፍ፣ ቢጫ ተለጠፈለት።

ከዚያ ወደ ቁጥሩ ዞረ። "ጥያቄ አንድ። የድመታችን ስም ማን ነው?"

"ሻምበል! አባዬ ውሃዬ ፈሷል፣ ምን ነካህ?"

ትክክል ነው፤ ማዕረጓ ከጋሼ ፊሽካ የሚበልጥ ድመት ቤት ውስጥ ነበረች። እሱ ግን አልተበገረም። የድመቷ ፎቶ ግሩፑ ላይ ተለጥፎ ስለሚያውቅ ይህን ማንም ሊያገኘው እንደሚችል ለአባላቱ አስረዳ። "ጥያቄ ሁለት። በታናሽ አክስትሽ ሰርግ ቀን ድንኳኑ የወደቀው በምን ምክንያት ነው?"

መልሱ ዘገየ። "እየጠየቀች ነው፣ ግብረ አበር አላት" አለ ራሰ በራው። ልጅቷ በዚያ ሰዓት የግድግዳ ጥግ ይዛ ጥርሷን ነክሳ እንደነበር ማን ያስብ። በመጨረሻ ገባ።

"አንተ ነሃ! መንገድ ዘግቷል ብለህ ገመዱን ፈታኸው። እባክህ አባዬ፣ ና።"

 ግሩፑ ላይ የሚስቁ ፊቶች እንደ በረዶ ወረዱ። "ሌባም ብትሆን እውነቷን ነው" ብላ ጻፈች ባለ ሰርጓ። ጋሼ ፊሽካ ጆሮው ቀላ። "ትክክለኛው መልስ ንፋስ ነው" ብሎ ጻፈና ለሳቁት ሁሉ ቢጫ አደለ። በደንቡ መሠረት እዚያው ላይ መዝጋት ነበረበት፤ ነገር ግን ተመልካቹ ሞቅ ብሎታል፣ እሱም ሞቅ ብሎታል። አድሚኑ ተናደደ እንዳይባልም ፈለገ። ሦስተኛውን ጠየቀ።

"ሳሎን የነበረውን ትልቁን መስታወት የሰበረው ማን ነው?"

ይህን የማያውቅ የቤቱ ሰው የለም። ልጅቷ ትንሽ ሳለች በኳስ ሰበረችው፤ ጋሼ ፊሽካም ትምህርት የተዘጋበትን ወር ሙሉ ከደጅ እንዳትወጣ ቀጣት። ጨዋ ልጅ እንዴት እንደምታድግ ለሰው ሲያስረዳ ሁልጊዜ የሚያነሳት ምሳሌ ናት።

"እማዬ ናት" የሚል መልስ መጣ። ወዲያው ደግሞ፣ "እማዬ ናት የሰበረችው። አባዬ እየሞትኩ ነው።"

ጋሼ ፊሽካ ከት ብሎ ሳቀ። "ተሳስተሻል" ብሎ ጻፈና ቁጥሩን ዘጋው። ግሩፑ ላይ ጭብጨባ ሆነ። አንዱ "ጀግና" አለ፣ ሌላው የዋንጫ ምስል ላከ። ትልቋ አክስት የሚያለቅስ ፊት ላከች፤ ያለ መነጽር መሆኗ ነው።

ያን ጊዜ ነው የቢላዋው ድምፅ መቆሙ የታወቀው። ቀና ሲል ሚስቱ በአንድ እጇ ስልኳን፣ በሌላው ቢላዋውን ይዛ ፈዛ ቆማለች። ግሩፑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስታነብ ቆይታለች ማለት ነው። 

"ምን ሆንሽ?"

"ልጄ ናት።"

"መልሷን አላየሽም? ስህተት ነው እኮ።"

"ስህተት አይደለም" አለች ሚስቱ። ቢላዋውን በቀስታ አስቀመጠችው። "መስታወቱን የሰበርኩት እኔ ነኝ። የሸረሪት ድር ላወርድ ብዬ፣ በመጥረጊያው እንጨት። ከኔና ከእሷ በቀር ይህን የሚያውቅ የለም።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ..."

"ፈራሁህ! ያን ቀን ስትገባ ፊትህን አይቼ ፈራሁህ። ልጅ ናት፣ ይምራታል ብዬ ዝም አልኩ። ተነስ አሁን! ልጄን ልትገድልብኝ ነው?"

ተነሳ። የዘጋውን ቁጥር ሊከፍት ሞከረ፤ መዝጋት እንጂ መክፈት ለምዶ አያውቅም፣ የቱን እንደሚነካ ጠፋው። ሚስቱ ስልኩን ነጥቃ እሷ ከፈተችውና ደወለች። ያነሳችው የልጅቷ ጎረቤት፣ ምድር ቤት ያለችው ልብስ ሰፊ ናት።

"አባትየው አለ?" አለች፤ ድምጿ ጮክ ብሎ ይሰማል። "ንገሪው፣ የዳቦ ቤቱን መኪና ለምኜ ሆስፒታል ወስዷታል። ከእንግዲህ ጥያቄ ካለው ሐኪሞቹን ይጠይቅ።" ጆሯቸው ላይ ዘጋችው።

 በመንገድ ላይ ጋሼ ፊሽካ መሪውን ጨብጦ፣ ከኋላ የተነጠፈውን አንሶላ በመስታወት ባየ ቁጥር ዓይኑን ይመልሳል። አፈረ። አንድ ነገር ብትሆን በምን አንደበቱ ለባሏ እንደሚናገር አሰበ። ኪሱ ውስጥ ስልኩ አላቆመም፤ ዘመድ የምስጋና የምስክር ወረቀት ይዘጋጅለት አይዘጋጅለት እየተከራከረ ነበር።

ሆስፒታል ሲደርሱ ወልዳለች። ሴት ናት፣ ደህና ናት፣ እናትየውም ደህና ናት። ነርሷ ይህን ስትነግራቸው ሚስቱ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች፤ እሱም አለቀሰ፣ ግን ፊቱን ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው አዙሮ።

ልጅቷ አልጋው ላይ ተጋድማለች። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጣጥፏል፣ ወንበሩ ላይ በተጣጠፈው ቀሚሷ ላይ የዳቦ ዱቄት አለ። ሕፃኗ ጎኗ ተኝታለች። ጋሼ ፊሽካ አልጋው ግርጌ ቆሞ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ስንት መኪና ያዘዘ እጅ ነው።

"ይቅር በይኝ ልጄ" አለ።

"እሺ አባዬ።"

"ስለ መስታወቱ ነገርኩት" አለች እናትየው፣ የልጇን እግር በብርድ ልብሱ ላይ እያሻሸች። "ዛሬ ነገርኩት።"

 ጋሼ ፊሽካ ወደ ትራሱ ቀረብ አለ። ይህ ነገር ሲያንገበግበው ነው የመጣው። "ግን ለምንድን ነው አንቺ ያኔ ያልነገርሽኝ? አንዲት ቃል ብትተነፍሺ እኮ አልቀጣሽም ነበር። ያን ሁሉ ቀን ቤት ተዘግተሽ..."

ልጅቷ ትክ ብላ አየችው። አልተቆጣችም፤ ደክሟት ነበር።

"ነግሬህ ነበር እኮ አባዬ" አለችው። "'እማዬ ናት' አልኩህ። 'ደሞ በእናትሽ ትዋሻለሽ?' አልክና ቅጣቱን እጥፍ አደረግከው። ረሳኸው?"

ጋሼ ፊሽካ ወደ ሚስቱ ዞረ። ሚስቱ ወለሉን ታያለች። ያን ቀን ለማስታወስ ሞከረ፤ የተሰባበረውን መስታወት፣ የትንሿን ልጅ ፊት፣ ያለችውን ቃል። ምንም አልመጣለትም።