የኸድር ሪል

ኸድር ቱግ ባይ ነው። የመንጠቆውን ክር የሚጠቀልልበት ሪል እንደገና ዝጎ አልዞር ሲለው፣ ኦክላንድ ባሕሩ ዳር ቆሞ ከነፋብሪካው ረገመው።

“ርካሽ ነገር እንዲህ ነው! ነገ ሳን ሆዜ ሄጄ ውዱን ነው የምገዛው!”

አብረውት የሚያጠምዱት ጋሽ ጀማለዲን ግን ያንኑ ዓይነት ርካሽ ሪል ይዘው ዓመታት አሳልፈዋል። እንደ እሱ ታክሲ ነጂ ናቸው።

“በምንድን ነው የምታጥበው?” አሉት።

“መኪናዬን በማጥብበት፣ ውኃ በኃይል በሚረጨው ፕሬዠር ነዋ! ጨው የሚባል አላስቀርበትም።”

“ጨውን እኮ ወደ ውስጥ ነው የምትነዳው!”

ከመኪናቸው ትራንክ የውዱእ ማንቆርቆሪያቸውን አወጡ። የራሳቸው ሪል ላይ ንጹሕ ውኃ ቀስ አድርገው አፈሰሱ፤ በጨርቅ አደረቁት፤ እጀታው ሥር ዘይት ጠብ አደረጉ።

“ለሶላት እፍኝ ውኃ የሚበቃህ ሰው፣ ለዚህች ሚጢጢ ዕቃ እሳት አደጋ ትጠራለህ?”



በማግስቱ ሳን ሆዜ ሱቅ ውስጥ ሻጩ ውዱን ሪል እያሽከረከረ ሲያሳየው፣ ኸድር አየት አደረገና ያንኑ ርካሹን አነሳ።

“ሌላስ?” አለው ሻጩ።

“ማንቆርቆሪያ አላችሁ?”