ደረጃ ያልወጡ ሰዎች

መጠይቁ በጣም የታመሙትን ጤነኛ አድርጎ ይቆጥራል። ጉድለቱ ይኸው ነው፤ የታወቀው ደግሞ ሁሉ ነገር አልቆ፣ ወደ መድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ለመላክ አንድ ፊርማ ብቻ ሲቀረው ነው።

«እስቲ ድገሚልኝ» አለ የጥናቱ ኃላፊ። ሠራተኞቹ በሌለበት «ቶሎ በሉ» ይሉታል።

ተመራማሪዋ አልተቀመጠችም። ሥራዋ ከሳንባ ሕመምተኞች ጋር ቁጭ ብሎ እያንዳንዱን ጥያቄ እንዴት እንደተረዱት ማጣራት ነው። አዲሱ መድኃኒት ጠቀመ ወይም አልጠቀመም የሚባለው በዚህ መጠይቅ ስለሆነ፣ መጀመሪያ መጠይቁ ራሱ ይፈተናል።

«አንዲት ጡረተኛ አስተማሪን ‹ባለፈው ሳምንት ደረጃ ሲወጡ ምን ያህል ትንፋሽ አጠረዎት?› አልኳቸው። ‹ምንም› አሉኝ። ‹ወጥተው ነበር?› ስላቸው፣ ‹አብደሻል እንዴ? ደረጃ ከተውኩ ቆየሁ› ብለው ሳቁብኝ። ሌሎቹም እንደሳቸው ናቸው።»

«ጥቂት ሰዎች ናቸዋ!»

«መድኃኒቱ ከሠራ እኮ ደረጃ መሞከር ይጀምራሉ። ያኔ ‹አጠረኝ› ይላሉ፤ እኛም ‹አባባሰባቸው› ብለን እንጽፋለን። ባይሠራና ጭራሽ አልጋ ላይ ቢውሉ ደግሞ ‹ዳኑ› እንላለን።»

ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ።

«ጥያቄውን መቀየር ማለት እንደ አዲስ መጀመር ነው። ቢያንስ አንድ ዓመት። አባትሽስ ይህንኑ መድኃኒት እየጠበቁ አይደል?»

ያልተፈረመውን ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ አነሳች።

«እስከ ማታ አስቢበትና ደውይልኝ።»

አባቷ የሚኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስትገባ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። በሩ አጠገብ ያለው ጫማው አቧራ ለብሷል።

«መጣሽ አለቃዬ? መድኃኒቴስ?»

«ፊርማ ቀርቶታል።»

«የማን?»

«የእኔ።»

ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ሳሉ እስኪበርድለት ጠብቃ ውሃ ሰጠችው።

«ታዲያ ምን ይገትርሻል? እጅሽ ተሰበረ?»

«አባዬ፣ በዚህ ሳምንት ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ አጠረህ?»

«እኔን? ምንም!» አለ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

«የወጣኸው መቼ ነው?»

ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

«ምን ያስወጣኛል? ሁሉንም አንቺ ታመጪልኝ የለ?»

ዓመት ትጠብቃለህ ወይ ልትለው አፏን ከፈተች፤ ተወችው። ምን ብሎ ይመልስላታል?

«ስልክ ልደውል» ብላ ተነሳች።

«እዚሁ አትደውይም? ማን ከለከለሽ?»

«መጣሁ።»

የኃላፊውን ስልክ እያስጠራች ወደ ኮሪደሩ ወጣች። «አልፈርምም» ስትል አባቷ እንዳይሰማት፣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።