መከታ የት አደረ?

የቢተው ሦስት በጎች በጠፉ ማግስት፣ ከአሸተን ማርያም በታች ካለው ወይራ ሥር አውጫጭኝ ተቀመጥን። በአውጫጭኝ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በየተራ እየተነሳ ያየውንና የጠረጠረውን በመሐላ ይናገራል። ዝም ያለ እንደ ሌባው ይቆጠራል።

ከእኔ በፊት የተነሱት ሁሉ የጠሩት ውሻዬን መከታን ነው።

«የእኛ ውሻ ሌባ ሲያይ ይጮሃል» አለ ቢተው፣ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ። «ይሄ ጥጃ የሚያህለው ግን አይጮህም። አንገቱን ዝቅ አድርጎ በጎቹን ትክ ብሎ ያያቸዋል። ቀበሮ እንኳ እንደዚያ አያይም።»

«ቀበሮማ ምን አላት፤ እሷንም ይውጣታል» አለች ጎረቤቴ ባንቺዓለም። ጥቂት ሰዎች ሳቁ።

መከታን ያመጣው ባሌ ሙሉሃብት ነው። የእንስሳት ሐኪም ነበር። ዝርያው መንጋ ለመንዳት ተመርጦ የተራባ እንደሆነ፣ ተረከዝ ቢይዝም ቆዳ እንደማይበሳ፣ ሥራ ካጣ ግን ራሱ ሥራ እንደሚፈልግ ነግሮኛል። ሙሉሃብት ከሞተ ስምንት ወር ሆነው። በእነዚህ ወራት ውሻው የት እንደሚውል አልተከታተልኩም። ባለፈው ሳምንት አፉ ላይ የበግ ጸጉር አይቼ ጠረግኩለት፤ ለማንም አልተናገርኩም።

«ልጄ ፀደይ» አሉ ሰብሳቢው አያ ዓይናዲስ፣ «ውሻሽ ትናንት የት አደረ?»

መዋሸት እችል ነበር።

«ከትናንት ቀትር ወዲህ አላየሁትም» አልኩ።

ቢተው ተነሳ። «ካገኘሁት ለመተኮስ አልጠይቅዎትም፣ እትዬ።»

የበጎቹን ኮቴ ተከትለን ወረድን። ዱካው ከእኔ ጓሮ በታች፣ ገደሉ ሥር ወዳለው የድንጋይ በረት ወሰደን። ሙሉሃብት የሰፈሩን በጎች የሚከትበው እዚያ ነበር፤ ከቀብሩ ወዲህ ወርጄበት አላውቅም። መከታ በሩ ላይ ተጋድሟል። ከጀርባው ሦስቱ በጎች ያመሰኳሉ።

«እንግዲህ ሌባው ከማን ቤት እንደሆነ ታወቀ» አለች ባንቺዓለም ቀስ ብላ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ቢተው ሊገባ ሲል መከታ ያለ ድምፅ ተነስቶ መንገዱን ዘጋበት። ጠመንጃው ቀና አለ።

«ሙሉሃብትን እየጠበቀ ነው» አልኩ። «ክትባቱ ሳያልቅ አንድም በግ አያስወጣም። ጥቂት ታገሡኝ።»

«ማን አዘዘውና?» አለ ቢተው።

«ማንም አላዘዘውም።»

ቤት ገብቼ የመድኃኒቱን የብረት ሣጥን ከአልጋው ሥር ጎተትኩ። ሙሉሃብት ሥራውን ሲጨርስ ክዳኑን ጓ አድርጎ ይዘጋዋል፤ መከታም በሩን የሚለቀው ያኔ ነው። ሣጥኑን በረቱ ፊት አስቀምጬ ከፈትኩት። መርፌዎቹ እሱ እንደደረደራቸው ናቸው። ከኋላዬ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ክዳኑን ጓ አድርጌ ዘጋሁት።

መከታ ሣጥኑን አየ፤ ከእኔ ኋላ ያለውንም መንገድ ረዘም አድርጎ አየ። ከዚያ ከበሩ ገለል አለ።

ቢተው የበጎቹን እግር አንድ በአንድ ዳሰሰ። ቁስል አላገኘም። እንደገና ዳሰሰ።

«ከእንግዲህ ይታሰር» አለ በመጨረሻ።

«ይታሰራል።»

በጎቹን እየነዳ ሲወጣ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየኝ። ሣጥኑን ወደ አልጋው ሥር አልመለስኩትም። ሥራ ያጣ ውሻ ነው፤ ነገም ሊያስፈልግ ይችላል።