ግማሽ ቦቴ ውሃ

መካኒኩ ዋቅቶላ ከውሃ ቦቴው ሆድ ሲወጣ ላብ አጥምቆታል። ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ የቆረጣቸውን መጋረጃዎች ውስጡ በብሎን አስሮ ጨርሷል። ቦቴ ሲሞላ ውሃው አርፎ ይቀመጣል፤ ሲጎድል ግን ኩርባ ላይ ወደ አንድ ጎን ተላትሞ መኪናውን ሊገለብጥ ይችላል። ጎማዎቹ ከማዕበሉ ጋር እየታጠፉ ጉልበቱን ያበርዱታል።

ባለ መኪናው ለሾፌሩ ለኤጄታ ነዳጅ የሚሰጠው በቀን ለአንድ ዙር ብቻ ነው። ከጉደር ወንዝ ሞልቶ ግማሹን ዳገቱ ጫፍ ላይ ላለው ትምህርት ቤት ያወርድና በቀረው ወደ ጤና ጣቢያው ቁልቁለቱን ይወርዳል። በዚያ ሳምንት ኩርባ ላይ መሪው አልታገለውም።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ቢሊሴ ግን አንድ ኩባያ ቀድታ ሰጠችው።

«ኦቦ፣ የሚያመጡልን ውሃ ነው ወይስ የጎማ ሾርባ? ወላዶቹን እያስመለሳቸው ነው።»

ቀምሶ ተፋው። ጋራዥ እንደተመለሰ ዋቅቶላን «ጎማዎቹን አውልቅልኝ» አለው።

«ብረት እስክበይድ ይታገሡ፣ ኦቦ ኤጄታ።»

«መቼ?»

«ባለ መኪናው ሲፈቅድ።»

«ምጥ የሱን ፈቃድ ይጠብቃል?»

ዋቅቶላ ከቦቴው ውሃ ቀመሰና ጎማዎቹን አወለቃቸው። «እንግዲያው ትምህርት ቤቱ ጋ አይቁሙ። ሙሉውን ይዘን እንውረድ።»

በማግስቱ አብረው ሄዱ። ትምህርት ቤቱ ጋ ሰው ጄሪካኑን መንገዱ ላይ ደርድሮ ጠበቃቸው።

«ዛሬ ለታች ነው፤ የእናንተ ነገ!» አለ ኤጄታ በመስኮት።

«ልጆቼን ነገን ላጠጣቸው፣ አንተ ኤጄታ?» አለች አንዲት ሴት፣ ከጄሪካኗ ላይ ሳትነሳ።

ሞተሩን አጠፋና ወርዶ ቧንቧውን ከፈተው።

ቦቴው ሲጋመስ ዋቅቶላ «የቀረውንም እዚሁ ያውርዱት። ባዶውን መውረድ ይሻላል» አለ።

«ቢሊሴስ?»

ዋቅቶላ ቧንቧውን ዘጋ።

«አንተ በእግርህ ና» አለው ኤጄታ።

በአንደኛ ማርሽ ወረደ። የመጀመሪያውን ኩርባ አለፈ። ሁለተኛው ላይ በሬዎች ድንገት መንገድ ገቡ፤ ፍሬን ያዘ። መኪናው ቆመ፤ ውሃው ግን አልቆመም። ዋቅቶላ ከላይ ሆኖ ቦቴው አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ ተወዛውዞ በጎኑ ሲወድቅ አየ።

ገበሬዎች ኤጄታን በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረሱት። ቢሊሴ ቁስሉን የምታጥብበት ጠብታ ውሃ አልነበራትም። ዋቅቶላ ከተገለበጠው ቦቴ በባልዲ የተረፈውን ቀድቶ ደረሰ።

ኤጄታ ባልዲውን አየ። «እሱ የወላዶቹ ነው።»

«ዝም ይበሉ፣ ኦቦ» አለችና አፈሰሰችበት።

አጥባ ሳትጨርስ ትንፋሹ ቆመ። ፊቱን ሸፈነችው። ከዚያ በባልዲው የቀረውን አፈላችና ወላዶቹ ክፍል አስገባችው።